የደከመ ቀለሃ

ሰኞ፣ ሰኔ 24 ቀን 2016

አባቴ ዛሬ ወርክሾፕ ድረስ መጣ። እዚህ ኮሌጅ የብረት ሥራ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን ረግጦት አያውቅም። ሶዶ ለሕክምና መጥቷል፣ ለገበያ መጥቷል፣ ለኮንፈረንስ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ከኮሌጁ አጥር ማዶ አድሯል። ልጄ የት ነው የምትሠራው ብሎ አንገቱን ብቅ አላደረገም። ዛሬ ግን መጣ። ከመንደራችን ከቢጠና በመጀመሪያው መኪና ተነሥቶ፣ በብብቱ የዘይት ቆርቆሮ ሸጉጦ።

የጫማውን ጭቃ በሩ ላይ ጠረገና ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ በወላይትኛ፣ "ቶርኖ የሚሠራው ሰውዬ የለም?" አለኝ።

ቱታ ለብሻለሁ፣ እጄ በዘይት ጨቅይቷል፣ የቆምኩት ብረት መቅረጫው፣ ቶርኖው ፊት ነው።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"እሱንማ አውቃለሁ። ዋናውን ማለቴ ነው።"

ዋናውን!

ቆርቆሮውን ከፈተው። ስልሳ ያህል የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለሃ አለበት። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ መሣሪያ ወጣ፤ ያበጠውን ቀለሃ መልሶ ቅርጽ የሚያስይዝ ነው። ሚሊሻ በነበሩ ጊዜ አንድ ጓደኛው ሲገለገልበት የኖረ፣ ሲሞት ለአባቴ የተረፈ ነው። ቀለሃው የሚገባበት የብረት ቀለበት ተበልቶ አልቋል። ሌላ ቀለበት ይቀረጽልኝ ነው ነገሩ። አዲስ ጥይት ጠፍቷል፣ ቢገኝም አይቀመስም፣ ስለዚህ ባዶውን መልሶ መሙላት አለበት።

"ጠመንጃው እኮ ፈቃድ አለው" አለ ገና ምንም ሳልል።

"ጠመንጃው አለው። ቤት ውስጥ ጥይት መሙላት ግን ወንጀል ነው አባ። ይሄ ማሽን ደግሞ የመንግሥት ነው።"

"ከርከሮው ፈቃድ አውጥቶ ነው በቆሎዬን የሚበላው?"

አልሠራም አልኩት። ቆርቆሮውን ዘጋና ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። በሩ ላይ የዲፓርትመንት ኃላፊያችንን ይስሐቅን አገኘው። አባቴ በአማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት አይለይም፤ "ልጄ ጎበዝ ነው፣ ልቡ ግን ደንዳና ነው" አለው። ይስሐቅ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 25

ጎበዝ ነው አለ። ለእኔ አልነገረኝም። ለይስሐቅ ነገረው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

የተግባር ፈተና። ሃያ ስምንት ተማሪ፣ ሁለት የሚሠራ ማሽን። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ዘሩባቤል አራት ጊዜ ደወለ፣ አላነሣሁም። ሲመሽ አነሣሁ። ወንድሜ ሲናደድ ድምፁ እንደ አባቴ ይሆናል። "ትናንት ሌሊት አራት መስመር በቆሎ ገለበጡት። አንቺ እዚያ ሆነሽ ሕግ አስተምሪ!" አለና ዘጋው።

እኔ ነኝ ከርከሮዎቹን የላክኋቸው?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6

ቢጠና ሄጄ ዋልኩ። ማሳው ወደ ቢላቴ ወንዝ የሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። ግማሹ ጎልምሶ አበባ ሲያወጣ፣ ግማሹ በሬ የተንከባለለበት መስሎ ተኝቷል። የጎረቤታችን ቶማ ማሳ ከእኛ ጋር ድንበር ይጋራል። ቶማ የእኔ እኩያ ነው፣ ቢጠና አንደኛ ደረጃ አብረን ተምረናል። የራሱ ጠመንጃ የለውም። በየማሳው ማማ አለ፤ ከአባቴ ጋር በፈረቃ እየወጡ ሁለቱንም ማሳ ይጠብቃሉ፤ ተረኛው የአባቴን ምንሽር ይይዛል።

"እንኳን መጣሽ" አለኝ። "አባትሽ ያን ዕቃ እንዴት እንደጠገነው አይተሻል? ስተኩስ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።" ሳቀ።

አየሁት። ምነው ባላየሁት። የተበላው ቀለበት ውስጥ የሣጥን ቆርቆሮ ቆርጦ ጠቅልሎ ከትቷል። እጀታውን በብስክሌት ጎማ አስሮታል። ዘንግ የነበረውን በምስማር ተክቶታል። የቀለሃዎቹን አፍ በመዶሻ እየቀጠቀጠ አንዱን ሞላላ፣ አንዱን ጠማማ አድርጎታል። ከማን ጋር እንደሚጣላ አላውቅም፤ የቀለሃው ነሐስ እኮ እንደ ሰው ይደክማል፣ በደበደብከው ቁጥር ይደርቃል፣ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ይህንን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው የማስተምረው።

"ማን ነው ይሄን የሠራው?" ብዬ ጮህኩበት። ያለወትሮዬ ነው አባቴ ላይ የጮህኩት።

"የሚሠራልኝ ሰው ሳጣ እኔ ሠራሁት።"

"ሰው ይገድላል ይሄ!"

"አንቺ ብትሠሪው አይገድልም?"

ቀለበቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተመለስኩ። ለማየት ያህል ነው። እንዲህ ያለ የተበላሸ ሥራ ዓይኔ እያየ ጥዬ መሄድ አልችልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

ሠራሁት።

በምሳ ሰዓት፣ ተማሪ በሌለበት። መሥራት ወንጀል ከሆነ፣ ያንን ቆሻሻ እንዳለ መተው ምንድን ነው? ሰዎቹ እንደሆኑ መተኮሳቸውን አይተዉም። በምስማርና በሣጥን ቆርቆሮ ከሚተኩሱ በደንብ በተሠራ ነገር ቢተኩሱ ይሻላል። ይህንን ሦስት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት።

ሥራው ግን እንዴት ያምራል! ብረቱ ከማሽኑ ሲወጣ ውስጡ እንደ መስታወት ነበር። ካሊፐሩን ከትቼ ለካሁ፣ ፀጉር ታህል አልሳተም። አሥራ ሦስት ዓመት የወንበር እግርና የበር ማጠፊያ ሳስቀርጽ ኖሬ እንዲህ ዓይነት ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ።

ይስሐቅ ሳይታሰብ ገባ። "ምንድን ናት?" አለ።

"የወፍጮ ቀለበት፣ ቡሺንግ። ለዘመድ።"

አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። "ለወፍጮ እንዲህ ትጨነቂያለሽ እንዴ?"

ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። አለመክበዱ ነው ያናደደኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ከቤተክርስቲያን በቀጥታ ቢጠና። አባቴ ቀለበቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ መሣሪያው ላይ ገጠመው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አንድ ቀለሃ አስገብቶ ጫነው። ያለ ጩኸት ገባ፣ ያለ ጩኸት ወጣ። አወጣው፣ አየው፣ እንደገና አስገባው።

ከዚያ በወላይትኛ "ይሄ የወንድ እጅ ነው" አለ።

ምን ልበለው? ልቆጣ ነበር። ቁጣዬ ግን ቀለጠ።

ቀለሃዎቹን አንድ በአንድ በፀሐይ እያየሁ የደከሙትን መለየት ጀመርኩ። ከሥራቸው የፀጉር ስንጥቅ ያለባቸውን፣ አንገታቸው የሳሳውን። ሰባት ለየሁ፤ "እነዚህን እንዳትነኩ፣ ሞተዋል" አልኩት። እዚያው ጠፍጥፌ ጉድጓድ ጣልኳቸው። ከዚያ ሰዎች መጡ። አባቴ ከአጥር ላይ ሆኖ ጠርቷቸው ኖሯል፤ "ልጄ የሠራችውን ኑና እዩ!" እያለ። ሦስት ሽማግሌዎችና ቶማ። ቀለበቱን እየተቀባበሉ አዩት። እንዴት እንደቀረጽኩት አስረዳኋቸው። እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

የበቆሎና የጎመን ፎሴሴ በዳጣ በልተን በመጨረሻው መኪና ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዛሬ የማላውቀው ሰው ከገሱባ መጣብኝ። በማዳበሪያ ከረጢት የተሰበረ መሣሪያ ይዞ፣ በኮሌጁ በር፣ በጠራራ ፀሐይ! "የጋሽ ዳልጮ ልጅ አንቺ ነሽ? ለእሳቸው እንደሠራሽው ሥሪልኝ።" አባቴ በገበያ እያወራ ነው። አባርሬዋለሁ። ጥበቃው ሰማ አልሰማ አላውቅም።

ለአባቴ ደውዬ ጮህኩበት። "ምን አጠፋሁ፣ ልጄን አመሰገንኩ" አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብሎ፣ ሲያመሰግን በገበያ!

ዓርብ፣ ነሐሴ 3

ዘሩባቤል እሸት በቆሎ ላከ። ከርከሮው ሸሽቷል አለ። በላሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ቶማ። ዛሬ ማለዳ። ሲተኩስ ቀለሃው ወደ ኋላ ፈነዳ። ፊቱን። ወደ ሶዶ እያመጡት ነው። ዘሩባቤል እያለቀሰ ነው የሚያወራው፣ የሚለው አይሰማም። እየሄድኩ ነው።

ለይቻለሁ። ሰባቱን ለይቻለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ዋልኩ። ግቢያችን ውስጥ አብራኝ የምትከራየው ትርሐስ የዓይን ክፍል ነርስ ናት፤ በእሷ ምክንያት አስገቡኝ። እሷ ስለ ቀለበቱ የምታውቀው ነገር የለም። ዶክተሩ ሲነግራት ሰማሁ፤ "ግራውን ማትረፍ አልተቻለም። ቀኙ ግን ተርፏል። የነሐስ ፍንካች ነው ያወጣሁት።" ትርሐስ ወደ እኔ መጥታ ትከሻዬን ያዘች፣ "አንዱ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችኝ። ይመስገን አልኩ። ምን ልበል?

የቶማ ሚስት መሲ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አቀፈችኝ። ስሜን አቆላምጣ "ህብረቴ፣ መጣሽልኝ" አለች። አቀፈችኝ!

ማንንም ማቀፍ አልፈልግም። መደብደብ ነው የምፈልገው። ያንን ምንሽር፣ ያንን ገበያ ላይ የሚያወራ አፍ፣ ከርከሮዎቹን፣ ጥይት የሚያስወድዱትን ነጋዴዎች ሁሉ። ሰባት ለይቻለሁ። "ሞተዋል" ብያለሁ፣ በአፌ ብያለሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 12

ፖሊስ ትናንት ቤቱን ፈትሾ አባቴን ወሰደው። ጠመንጃውን፣ መሣሪያውን፣ ቆርቆሮውን፣ ሁሉንም። ዘሩባቤል ዛሬ መጥቶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

"ሁሉንም በገዛ እጄ ሠራሁት ብሏል" አለኝ።

"ምኑን?"

"መሣሪያውንም፣ ቀለበቱንም። አንቺ የለሽበትም። ስሚኝ፣ አንቺ የለሽበትም። አባ ሽማግሌ ነው፣ ሥራ የለውም፣ የሚያጣው ነገር የለም። አንቺ ደመወዝ አለሽ፣ ዲፕሎማ አለሽ። በአንድ ቤት ሁለት ሰው ለምን ይጠፋል?"

"እሱ ቀለበት መሥራት ይችላል እንዴ? ሰው ያምናል?"

"ቢጠና ውስጥ ማን ቶርኖ ያውቃል?"

ልክ ነው። ዝም ብል ያልፋል። ይህ ነው ዘሩባቤል የሚለው፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

በገዛ እጄ ሠራሁት ብሏል።

በገዛ እጁ!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 15

የክረምት ተማሪዎች መምጣት ጀምረዋል። አንዷ "ቲቸር፣ የት ነው የሚያምሽ?" አለችኝ። ማሽኑ ፊት ስቆም እጄ አልታዘዝ አለ። ይስሐቅ አያየኝ መስሎ ያየኛል። በሻይ ሰዓት አንዱ መምህር የቢጠናውን አደጋ አነሣ፤ "አንድ ገበሬ በራሱ የቀረጸው ዕቃ ነው አሉ፣ ለመሆኑ በምን ቀረጸው?" አለ። ይስሐቅ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 17

ለመሲ ገንፎ ይዤላት ሄድኩ። ቶማ ተኝቷል፣ ግማሽ ፊቱ ታሽጓል። መሲ አባቴን ስትረግም ሰማሁ፤ ለሌላ አስታማሚ ነበር የምታወራው። "ያ ሽማግሌ፣ ያ ክፉ ሽማግሌ፣ ዓይነ ስውር የሠራውን ለባሌ ሰጠው" አለች። እኔን ስታይ ደነገጠች፤ "ይቅርታ፣ አባትሽ ነው፣ ረሳሁት" አለች። እሷ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ገንፎውን አስቀምጬ ወጣሁ። በደረጃው ላይ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ጣቴ አብጧል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 20

አባቴን ለማየት ቢጠና ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በሽቦው በኩል ነው የተገናኘነው። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ዘሩባቤል ያጥብለታል። ከሳ።

"ለምን ዋሸህ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"አልዋሸሁም። ዕቃው የእኔ ነው።"

"ቀለበቱን እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ዝም በይ!" ፖሊሱን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ልጄን እዚህ አላስገባም" አለ።

"ስሠራው የወንድ እጅ ነው አልክ። በገበያ አወራህ። አሁን ነገር ሲመጣ እጁ ያንተ ሆነ?"

"ህብረት፣ የጉራ ጊዜ አይደለም አሁን።"

"አንድ ቀን እንኳ 'ህብረት ሠራችው' ብለህ ቁም! በጥፋትም ቢሆን!"

እንዲህ ማለቴን አሁን ስጽፈው ነው ያወቅሁት። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚለው? ሰው ዓይኑ ጠፍቶ እኔ ስሜ እንዲነሣ ነው የምጨቃጨቀው።

አባቴ በሽቦው መካከል ሁለት ጣቱን አወጣ። አልነካሁትም። "ብትናገሪ ማን ያምንሻል?" አለ። ሊያጽናናኝ ነው ያለው። ሊያጽናናኝ!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 22፣ ሌሊት

እንቅልፍ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የትም አልጽፈውም።

ሰባት ለይቻለሁ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ለትርሐስ ልነግራት ስል፣ ለራሴ ስናገር፣ ስጸልይ ሁሉ፣ ሰባት፣ ሰባት። ቀለሃዎቹ ስልሳ ነበሩ። ሰባቱን ያገኘሁት ከመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሌላው ሠላሳ ገና ጭኔ ላይ ነበር። አባቴ "ልጄ የሠራችውን እዩ" ሲል ሰማሁና ቀሪውን ወደ ቆርቆሮው መልሼ ተነሣሁ። ቀለበቱን ይዤ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ። ሳላያቸው።

ከሠላሳው ሰባት ካወጣሁ፣ ካላየሁት ሠላሳ ስንት ይወጣል? ይህንን ለማስላት መምህር መሆን አያስፈልግም። አልተመለስኩበትም። ፎሴሴ በላሁ። ስለ ካሊፐር አወራሁ። መኪና ላይ መስኮት ዳር ተቀምጬ ፈገግ እያልኩ ነው ሶዶ የገባሁት።

በአባቴ ላይ ነው የተናደድኩት እላለሁ። በእሱም ነው። ግን።

ዓርብ፣ ነሐሴ 24

ሄድኩ። ቢጠና ፖሊስ ጣቢያ፣ ለዘሩባቤል ሳልነግር።

የአባቴን ጉዳይ የያዘው መርማሪ ደገፉ ይባላል፤ ከሌላ ዞን የተመደበ፣ ትሑት ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ።

"ቀለበቱን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እኅቴ፣ አባትሽን ማትረፍ እንደምትፈልጊ ይገባኛል።"

"ማትረፍ አይደለም።"

"ባለቤትሽ ምን ይሠራል?"

"ባል የለኝም። ቶርኖ አስተማሪ ነኝ።"

ፋይሉን ገለጠ። "እኛ የጠረጠርነው ወንድምሽን ነው። አባትሽ በአማርኛ ሲጠየቁ 'ልጄ እጁ የለበትም' ብለው ደጋግመው ተናግረዋል። እንዲህ ሲሉ ሰውዬው ወንድ ልጃቸውን እየሸሸጉ ነው ብለን ነበር። ነገ ልናስጠራው ነው።"

"አባቴ በአማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። እጁ አይደለም። እጇ ነው።"

አየኝ። አሁንም አላመነም። ወረቀት ስጠኝ አልኩት። ቀለበቱን ከፊትና ከጎን ሣልኩ፣ ልኩን ሁሉ ጻፍኩበት። እሱም ቀለበቱን ከዕቃ ግምጃ ቤት አስመጣና በማስመሪያ ለካ። ወረቀቱን አየ፣ ቀለበቱን አየ። አንዴ፣ ሁለቴ።

"ጥሩ ሥራ ነው" አለ ሳያስበው።

"እሱን ጻፈው። ከሥሩ ደግሞ ቀለሃዎቹን የመረመርኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ግማሹን ሳልመረምር እንደተውኩ ጻፍ።"

ጻፈ። ሲያነብልኝ "አባቷን በመርዳት" የሚል አስገብቶበታል። "አውጣው" አልኩ። "በምሳ ሰዓት፣ በመንግሥት ማሽን፣ ብቻዬን ነው የሠራሁት።" ሠርዞ አስተካከለ። ፈረምኩ። የዋስትና ነገር ጨርሼ ስወጣ አባቴ ከሽቦው ጀርባ ቆሞ ነበር። ፊቱ ጠቁሯል። በወላይትኛ "ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ?" እያለ ጮኸ። እየሰማሁት በሩን አልፌ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 2

የእገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያመጣው ይስሐቅ ራሱ ነው፣ ቤቴ ድረስ። "የወፍጮ ቡሺንግ ስትዪኝ አውቄ ነበር" አለ። "አውቀህ ለምን አልከለከልከኝም?" አልኩት። እሱንም ሰደብኩት። ሻይ ሳላቀርብለት ሸኘሁት።

አባቴ በዋስ ተፈታ። ክሱ ግን በሁለታችን ላይ ይከፈታል ብለዋል። ዘሩባቤል አያናግረኝም።

ዓርብ፣ መስከረም 3 ቀን 2017

ቶማ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። ሄድኩ። መሲ ነገሩን ከፖሊስ ሰምታለች። በሩ ላይ ቆመች፣ አላሳለፈችኝም።

"ገንፎ ይዘሽ ስትመጪ ታውቂ ነበር" አለችኝ። "ስረግመው ሰምተሽ ዝም አልሽ። አባትሽን አሳምተሽኝ ሄድሽ።"

"አዎ።"

"ከደጄ ሂጂ!"

ቶማ ከውስጥ "አስገቢያት" አለ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር አልጋ ተዘርግቶለታል። በአንድ ዓይኑ አየኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሠላሳውን፣ ሰባቱን፣ እንዴት ተነሥቼ እንደሄድኩ። ሳላለቅስ ልነግረው ወስኜ ነበር፣ አላለቀስኩም።

"ድሮ" አለ፣ "ሁልጊዜ ከመተኮሴ በፊት እኔ ራሴ አይ ነበር። አባትሽ የጠገነውን አላምነውም፣ ታውቂያለሽ። አንድ በአንድ በጥፍሬ እየዳበስኩ ነበር። ያን ቀን ግን ጋሽ ዳልጮ ቆርቆሮውን ሲሰጠኝ፣ 'አትድከም፣ ህብረት አይታዋለች' አለኝ።"

መሲ ከበሩ ላይ ትሰማለች።

"ህብረት ካየችውማ ብዬ አላየሁም" አለ ቶማ። "ይኼው ነው።"

ይቅርታ አልሰጠኝም። እኔም አልለመንኩትም፤ በምን አፌ? ስነሣ ግን መሲ ከኋላዬ መጥታ፣ "በቆሎው ደርሷል" አለች። "ዝንጀሮ እየጨረሰው ነው። የሚጠብቀው የለም፣ የሚሸለቅቀው የለም። ይቅርታ አልፈልግም ከአንቺ። እጅ ነው የምፈልገው።"

ረቡዕ፣ መስከረም 15

ጊፋታ፣ የእኛ የወላይታዎች ዘመን መለወጫ፣ ሊሆን አራት ቀን ቀረው። ሁሉም ቤቱን ያድሳል፣ ከብት ይገዛል። እኔ አሥረኛ ቀኔ ነው የቶማ ማሳ ማማ ላይ። ከጎኔ የተከመረ ድንጋይ፣ ወንጭፍና የተሰበረ ጀሪካን አለኝ። ጠመንጃው ፖሊስ ዘንድ ነው፣ እዚያው ይበስብስ። ጠዋት ጠዋት ከመሲ ጋር በቆሎ እንሰብራለን። አታናግረኝም። ትናንት ውኃ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ደግሞ በመስጠቷ ስለተጸጸተች መሰለኝ ቅሉን ነጥቃኝ ሄደች።

አባቴ በእኛ ማሳ ማማ ላይ ነው፣ ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ከወዲያ። ከጣቢያው ወዲህ አልተነጋገርንም። እኔ እሱን ስላጋለጥኩት ነው የተቀየመው ይላል ዘሩባቤል። እኔ ደግሞ፣ አላውቅም፤ ስንቱን ልቁጠር? ዋናውን ሰውዬ ሲፈልግ አልፎኝ ያየበትን ነው፣ በገበያ ያወራበትን፣ በኋላ የደበቀኝን፣ ያላየሁትን "አይታዋለች" ብሎ ማረጋገጡን። ደግሞ ያ ቃል፣ ግማሹን እንዳላየሁ ስላልነገርኩት፣ የእኔ ውሸት መሆኑን። የቱን ከየቱ ልለየው።

ከሰዓት ዘጠኝ ላይ ዝንጀሮዎቹ ከወንዙ በኩል ወጡ። ሠላሳ ይሆናሉ። ዋናው ወንድ ድንበሩ ላይ ተቀምጦ አየኝ፣ ሴት መሆኔን ሲያይ አልተነሣም። ሴት እንደማይፈሩ ሁሉም ይናገራል። ጀሪካኑን ደበደብኩ። ድንጋይ ወነጨፍኩ፣ ሳትኩት። ያኔ ጮህኩ። ቃል የለውም ጩኸቴ። ስለ ይስሐቅ ጮህኩ፣ ስለ ቶማ ዓይን፣ ስለ ሠላሳው ቀለሃ፣ ድምፄ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ዝንጀሮው ብድግ አለ፣ መንጋው ተከተለው፣ ወደ ገደሉ ወረዱ። እኔ ግን ማቆም አቃተኝ።

ከወዲያ ማማ የአባቴ ድምፅ መጣ። "ህብረት!"

አልመለስኩም።

"ህብረት! ደህና ነሽ?"

ወንጭፉ ላይ ድንጋይ አደረግሁ። የሚወነጨፍበት ነገር ግን አልነበረም፣ ሁሉም ሄዷል።

"ህብረት!" አለ ሦስተኛ ጊዜ። ሽማግሌ ነው፣ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከማማው ሊወርድ እግሩን አንዱ ደረጃ ላይ ሲያደርግ በሩቁ አየሁት። ከወረደ በዚህ ጭቃ እስከ እኔ ድረስ መምጣቱ ነው።

"አለሁ!" ብዬ ጮህኩበት። "አትውረድ! ማሳህን ጠብቅ፣ አለሁ!"

በቁጣ ነው የመለስኩለት። እግሩን መልሶ ተቀመጠ።